እናቴን የቀማችኝ ባለሙያ

ቅናት ሲባል ሰው ሁሉ ቶሎ ትዝ የሚለው ባልና ሚስት ነው። አለዚያም መሥሪያ ቤት፤ እገሌ ተሾመ፣ እገሊት ለሥልጠና ባሕር ዳር ተላከች የሚሉት ዓይነት። እነዚህ ቅናቶች እንኳ ወግ አላቸው። ለጓደኛ ይወራሉ፣ ለንስሐ አባት ይነገራሉ፣ ጠላ ቤት ቢነሡም ሰው አያፍርባቸውም። እኔን የያዘኝ ግን ለማንም የሚነገር አልነበረም። እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፤ አርባ ስምንት ዓመት የሞላው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ቡድን መሪ ተብሎ ማኅተም የተሰጠው ሰው “በእናቴ ቀናሁ” ብሎ ለማን ይናገራል?

እናቴ የምትኖረው እዚሁ ሰቆጣ፣ ከእኔ ቤት አሥር ደቂቃ በማያስኬድ መንገድ ላይ፣ ከአባቴ ጋር በሠሩት ቤት ነው። ከመነኮሰች ወዲህ ሰፈሩ እማሆይ ይላታል። አምና ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አዳልጧት ወደቀችና ዳሌዋን ተጎዳች፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ደጋፊ አትነሣም። እኔ ቤት ግቢ ብላት “ከቤቴ የምወጣው በቃሬዛ ነው” ብላ ነገሩን ዘጋችው። ባሕር ዳር ያለችው እህቴ ጊዜ ሳታባክን ዝናሽን ቀጥራ ላከችልን።

ዝናሽ የአምደወርቅ ከተማ ልጅ ናት፤ ቢበዛ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። ደሴ ሄዳ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ተምራ ሰርተፍኬት ይዛለች። እንዲህ ያለ ሙያ መኖሩን የእኛ ሰፈር ያወቀው በእሷ ነው። አክስቴማ “ሰው መጦርም ትምህርት ሆነ?” ብላ አንድ ሳምንት ሙሉ ተገረመች። ጎረቤቶች “ሠራተኛ ገባችላቸው” ሲሉ የሰማችው ዝናሽ “ወጥም እሠራለሁ፣ ልብስም አጥባለሁ፤ ሙያዬ ግን እማሆይ ናቸው” አለቻቸው። ሙያዬ እማሆይ ናቸው! እኔ አርባ ስምንት ዓመት ልጇ ሆኜ እንዲህ ያለ አነጋገር አልመጣልኝም።

ሥራዋን ግን መካድ አይቻልም። እናቴን ከአልጋ ስታነሣ አትጎትታትም። መጀመሪያ በጎኗ ታስተኛታለች፣ እግሮቿን ቀስ አድርጋ ወደ መሬት ታወርዳለች፣ ከዚያ በትከሻዋ ደግፋ “በሉ እማሆይ፣ በሥላሴ ስም” ስትላት እናቴ በገዛ ጉልበቷ የተነሣች መስሏት ቁጭ ትላለች። እኔ የሞከርሁ ዕለት “ቀስ በል፣ ጤፍ የምትጭን መሰለህ?” ብላኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ገና ከአጥሩ ሳልገባ የእናቴን ሳቅ ሰማሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ፈገግታዋን እንኳ እንደ ዘር እህል ቆጥባ የምታወጣ ሴት ናት። ሁለቱ የሚጫወቱት በኽምጣና፣ በእኛው አገር አገውኛ፣ ነበር። እኔ ገና በልጅነቴ ወልድያ አጎቴ ዘንድ ሄጄ ስለተማርሁ ኽምጣናዬ ለገበያ እንጂ ለጨዋታ አይበቃም። ከዚያ ሁሉ ወሬ የለየሁት ስሜን ብቻ ነው። ስሜ ከተጠራ በኋላ ሳቁ ባሰ። ገባሁ፤ ዝም አሉ።

ምርቃቱስ ብትሉ! ማታ ማታ ዝናሽ እግሯን ለብ ባለ ውኃ አጥባ፣ አድርቃ፣ ቅባት ስትቀባት እናቴ እጇን ዘርግታ ትጀምራለች። እጅሽ ይለምልም፣ ማኅፀንሽ ይባረክ፣ የያዝሽው አፈር ወርቅ ይሁንልሽ፣ ክፉ አይይሽ… እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ተራዬን እጠብቃለሁ። ተራዬ ሲደርስ “በል፣ ሳይመሽብህ ወደ ቤትህ ሂድ” ትለኛለች። “ምቀኛ አታሳጣኝ” ይላል ያገሬ ሰው፤ ዝናሽ እንዲህ ብላ ጸልያ እንደሆነ ፈጣሪ አላሳፈራትም።

ፍልሰታ ከገባ በሳምንቱ የዓመት ፈቃዴን ሞላሁ። ለዝናሽ ነገሩን ያቀረብሁት በደግነት ጠቅልዬ ነው። “ሻደይ እየደረሰ ነው፤ አንቺም ልጅ ነሽ። እናትሽን ጠይቂ፣ ከእኩዮችሽ ጋር ጨፍሪና በዓሉ ሲያልፍ ትመለሻለሽ” አልኋት። ሐሳቤ ሌላ ነበር። እስከ ሻደይ ማግሥት እናቴን ራሴ ጦሬ፣ እሷም “ልጄ ካለ ዝናሽ ምን ያደርግልኛል?” ስትል ሰምቼ፣ ያንኑ ቃል ለእህቴ ደውዬ ልነግራት ነው። ዝናሽ ስትሄድ ክኒኑን፣ ምግቡን፣ ጥንቃቄውን ሁሉ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። ሰው እናቱን ከወረቀት ያነባል እንዴ? ባለቤቴ ላግዝህ ብትለኝም እምቢ አልኋት፤ እሷም ትበልጠኝ ይሆናል ብዬ ጠርጥሬ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ደስ ይል ነበር። ደጅ ላይ ብርድ ልብስ ሳራግፍ ያዩኝ መንገደኞች “ልጅ ማለት እንዲህ ነው” እያሉ አለፉ። እኔም ያለፈ ሰው እንዳያመልጠኝ ያንኑ ብርድ ልብስ ደግሜ አራገፍሁት። ለእናቴ ውኃ ባቀርብላት “ጾም ነው” አለችኝ። በዘጠኝ ሰዓት ሽሮ ባቀርብላት ሁለት ጉርሻ ቀምሳ፣ ከንፈሯን በውኃ አርሳ ተወችው። ሽንት ቤት ልውሰድሽ ስላት “አልመጣብኝም” ትላለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ስትል እፎይ እል ነበር። ማለዳና ማታ ጎረቤታችን ልታጣጥባት ስትመጣ “አንተ ደጅ ቆይ” እባላለሁ፤ እኔም ያለ ጥያቄ እቆያለሁ።

ሁለተኛውም ሦስተኛውም ቀን እንዲሁ አለፈ። በእናቴ ጽናት ኮራሁ። በአጥር ላይ ለጎረቤት “ውኃ እንኳ አትቀምስም እኮ፣ ጾም ድሮ ቀረ” ብዬ አወራሁላት፤ ራሴ በሰባት ሰዓት መብላቴን ግን አላነሣሁም። በአራተኛው ቀን ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ፤ ስትቀመጥ አዞራት። በአምስተኛው ቀን ጠዋት በአባቴ ስም ጠራችኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ልክ ልጅ ሆኜ ገበያ መሐል ከእጇ የጠፋሁ ዕለት እንደፈራሁት ፈራሁ። ሐኪም ልጠራ ስወጣ ዝናሽ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ደጃፉ ላይ ደረሰች። ሻደይ ገና አልገባም ነበር።

ሰላምታም አልሰጠችኝ፤ ፊቴን አይታ በቀጥታ ገባች። የእናቴን የእጅ ጀርባ ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጣ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆሞ ቀረ።

“ውኃ ስንት ጊዜ ጠጡ?” አለችኝ።

“ጾም ላይ ናት።”

“የንስሐ አባታቸው ለክኒኑ ሲሉ ውኃ ፈቅደውላቸው የለም? ወረቀቱ ላይ ጽፌልዎታለሁ እኮ፣ ጋሼ።”

ወረቀቱ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነበር። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ለካ እንዲህም አለ፤ ጀሪካኑ ሙሉ፣ ልጁ አጠገብ፣ እናቱ ጥም ላይ። ዝናሽ ከቦርሳዋ የጨውና የስኳር ዱቄት አውጥታ በውኃ በጠበጠችና በማንኪያ ታጠጣት ጀመር። ሦስት አራት ማንኪያ እንደወረደላት እናቴ ነፍስ ዘራች። ድምጿ ቢደክምም የተናገረችው በአማርኛ ነበር፤ እኔም እንድሰማው ይመስለኛል።

“ከጠጣሁ መውጣት አለ። እኔ አጥቤ ያሳደግሁትን ልጅ፣ ዛሬ በምን አፌ እጠበኝ ልበለው? አንቺስ ሙያሽ ነው።”

ደጅ ወጥቼ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። አፈርሁ። አምስት ቀን ሙሉ ጽድቅ ብዬ ያወራሁላት እፍረት ኖሯል፤ እፍረቱም የእኔ እናት ሆና ለመቆየት ኖሯል። ይህን ሁሉ ከተረዳሁ በኋላ ቅናቴ ይጠፋል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጠፋም። እንዲያውም አሁን ምክንያት አገኘና ተደላድሎ ተቀመጠ።

አመሻሹ ላይ እናቴ በደንብ ጠጥታ፣ ሾርባ ቀምሳ፣ ትራሱ ቆረቆረኝ ማለት ስትጀምር ዝናሽ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከታችኛው ሰፈር ለሻደይ የሚለማመዱ ልጃገረዶች ከበሮ ይሰማል። በዓሉን ትተሽ ምን አመጣሽ አልኋት።

“እናቴ ናት” አለች። “ከእማሆይ የባሰ ደክማለች። ጎረቤት ያለች ልጅ ናት የምትረዳት። ልጠብሽ ብላት ‘ተይኝ፣ ያቺ ልጅ ትምጣልኝ’ አለችኝ። እናቴ፣ እኔ እኮ ተምሬዋለሁ ብላትም ‘ተምረሽስ ልጄ አይደለሽም?’ ብላ ፊቷን አዞረች። አራት ቀን ደጅ ተቀመጥሁ፣ ጋሼ። ያቺ ልጅ አያያዝ እንኳ አታውቅም፤ ብብቷን ይዛ ነው የምትጎትታት። ጨርሳ ስትሄድ ደግሞ እናቴ የምታወርድላትን ምርቃት ቢሰሙት!”

“ቀናሽባት?”

“አንጀቴ አረረ” አለች።

እንግዲህ ምን ይባላል? እህት ያገኘሁ መሰለኝ። ቡድን መሪውና ባለ ሰርተፍኬቷ አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከበሮውን አዳመጥን።

እናቴ ከውስጥ “ዝናሽ!” ብላ ተጣራች። ሁለታችንም ብድግ አልን። ዝናሽ ገባች። እኔ ሱሪዬን ላራግፍ የተነሣሁ መስዬ፣ አራግፌ፣ ተመልሼ ተቀመጥሁ።