ቬሎና የአባት ጉልበት

በቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ ሴቶች ወገባቸውን በኮርሴት ጠፍረው፣ ከቀሚሳቸው ስር ጎጆ የሚያህል የሽቦ ቀለበት ተሸክመው ይውሉ ነበር አሉ። ትንፋሽ አጥሯት ራሷን የሳተች ደግሞ በጨዋነቷ ትመሰገናለች። ይህን ሳነብ ከንፈሬን መጥጬ ነበር። እናንተ ግን እንዳትቸኩሉ፤ ዕቃው ሁሉ ዛሬ እኛ ሰበታ በኪራይ ይገኛል። ቬሎ እንለዋለን።

የእህቴ ልጅ ሌንሴ ስታገባ የተከራየችው ቬሎ ወገቡ ላይ እምቢ አለ። አልባሿ ግን ምን ገዷት፣ ጉልበቷን ሌንሴ ጀርባ ላይ ተክላ ገመዱን እንደ አህያ ጭነት ሳበችው። ሌንሴ ቀጠነች፣ አማረች። መተንፈስ ብቻ ቀረባት።

ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ገባ፤ የቀረው ምርቃት ነው። መቼም ሙሽራ የአባቷን ጉልበት ሳትስም ከቤት እንደማትወጣ ታውቃላችሁ። አባቷ ኦቦ ቶሎሳ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሌንሴ ለዚህች ምርቃት ስትል ነው ሰርጉ በአዳራሽ ሳይሆን እቤት ይሁን ያለችው። ልታጎነብስ ስትሞክር ከጀርባዋ አንድ ክር ጠሽ አለ። ቀና ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ አቅሯል።

«አክስቴ፣ ካጎነበስኩ ይተረተራል» አለችኝ በሹክሹክታ።

 ገመዱን እንዳላላው አማቶቿ ፊት ራቁቷን ልትቀር ነው፤ እንዳልተወው ደግሞ ሳትመረቅ ልትወጣ ነው። ሽማግሌዎቹ መተያየት ጀምረዋል። «ልጅቷ ኮራች እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቪዲዮ ቀራጩ መብራቱን እንደደቀነ ነው።

ኦቦ ቶሎሳ ልጃቸውን አዩ፣ ቀሚሱን አዩ። ከዚያ ተነሥተው፣ በሁለት ሽማግሌ ተደግፈው፣ ከሶፋው ፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ቆሙ።

«ኮቱ፣ ነዪ ልጄ» አሉ። «አንቺ መውረድ ካቃተሽ ጉልበቴ ይምጣልሽ።»

አንገቷን ብቻ ሰበር አድርጋ ሳመችው። እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ሲመርቁ እኔ አለቀስኩ፣ አልባሿም አለቀሰች።

ሰሞኑን ቡራዩ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ሙሽራዋ የለበሰችው ቀለል ያለ የሐበሻ ቀሚስ ነው፤ እንኳን ማጎንበስ መሮጥም ትችላለች። አባቷ ግን ጠረጴዛ ላይ ቆመው ይጠብቋታል።

«ምነው?» አልኳት አጠገቤ ያለችውን ሴት።

በትዝብት አየችኝ። «አሁን እኮ ወጉ እንዲህ ነው። አንቺ ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከሰበታ» አልኳት።