ሽማግሌ በሃይብሪድ

የደብረ ታቦር ሰው የመኪናን ጤንነት የሚለካው በጆሮው ነው። ሲነሳ ያላጓራ፣ ዳገት ሲወጣ ያላቃሰተ መኪና በእኛ ዘንድ ታሟል ማለት ነው። ስለዚህ ያገለገለች ሃይብሪድ ገዝቼ ስመጣ ሰፈሩ አዘነልኝ። ድምፅ ሳታሰማ ከግቢ ስትወጣ ያየ ጎረቤት ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ሊገፋልኝ ይመጣል። ሰዎች፣ ተነስታለች እኮ! እያልኩ ማስረዳት ሥራዬ ሆነ። አንዳንዶቹ አላመኑኝም፤ ለማንኛውም ብለው ገፉ።

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ይቺ መኪና የቤንዚን ሞተርም ትልቅ ባትሪም አላት። ቁልቁለት ስትወርድና ፍሬን ሲያዝ ባትሪዋን ትሞላለች፤ የሞላችውን ዳገት ላይ ታወጣዋለች። አንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንዳስኬዳትም በትንሽ ስክሪን ላይ ታሳያለች። እንዲህ ያለ ስክሪን እንደ እኔ ላለ የፊዚክስ አስተማሪ መስጠት ለሕፃን ከረሜላ እንደ መስጠት ነው። ባለቤቴ መንገዱን ታያለች፣ እኔ ስክሪኑን አያለሁ፤ እስካሁን በሰላም የኖርነው በእሷ ዓይን ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የማረከኝ ክሩዝ ኮንትሮል የሚባለው ነው። ፍጥነቱን መርጣችሁ አንዲት ቁልፍ ትጫናላችሁ፤ ከዚያ በኋላ እግራችሁ ሥራ ፈት ነው፣ መኪናዋ ራሷ ፍጥነቷን ጠብቃ ትሄዳለች። ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩት ሁሉ ቤንዚን ይቆጥባል ይላል። የጻፉት ሰዎች አገራቸው ሜዳ ይሆን ብዬ አልጠየቅኩም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ታናሽ ወንድሜ ደረጄ የነፋስ መውጫ ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው፤ የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር። ጊዜው ግን የጥር ማለቂያ ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ትንሽ ቀርቶታል፣ በጾም ደግሞ ሠርግ የለም። የልጅቱ አባት ሽማግሌ በምንሄድበት እሑድ እሺ ካላሉ ሠርጉ ከፋሲካ ወዲያ ሊሻገር ነው። ደረጄ ይህን ባሰበ ቁጥር ምግብ ይዘጋዋል፤ አየሁትና ከልቤ አዘንኩለት። በዚያ ላይ ከተማው ውስጥ ቤንዚን ጠፍቷል። የእኔ መኪና የያዘችው ደርሶ ለመመለስ ቢበቃ ነው።

የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ ልሳነወርቅ ነበሩ፤ ሁለተኛው ጎረቤታችን ባለሱቁ ሐጂ ይማም፤ ሦስተኛው እኔ፣ ሽማግሌም ሹፌርም። መሪጌታ ዘዴያቸውን ቀድመው ነገሩን። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይባል፣ ማመላለስ የልጅቱ ክብር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዘንድሮ ግን ቤንዚን የለም፤ እሱን ይዘው ይማጸኑና የዚያኑ ቀን ቃል ይቀበላሉ። ሐጂ ይማም ዘዴውን አደነቁ። እኔም አደነቅኩ።

ቅዳሴ እንደወጣ ጉዞ ጀመርን። ከከተማ ወጣ እንዳልን ቁልፏን ተጭኜ እግሬን ሰበሰብኩ። ገና ደስታዬን ሳልጨርስ መሪጌታ ከጎኔ፣ «ዝግ በል ልጄ፣ ልሳለም» አሉ። ከፊታችን ጉብታ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። እግሬ ፍሬኑን ሲነካ ክሩዙ ጠፋ። እሳቸው አማትበው ሲጨርሱ እንደገና ጫንኩት። ቀጣዩ ዳገት፣ ቀጣዩ ቤተ ክርስቲያን፣ «ዝግ በል።» በእኛ አገር ደብር የሌለው ጉብታ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በዚያ ቀን ስፈልግ ዋልኩ። እንዲህ እየተቆራረጥን ቤንዚኑ መንገድ ላይ ሊያልቅብን ነው ብዬ ሰጋሁ፤ መሪጌታን ግን ማን ደፍሮ አይሳለሙ ይላል?

ክምር ድንጋይ ከተማን ስናልፍ ስክሪኑን አየሁ። አንድ ሊትር የሚያስኬደን ርቀት ጨምሯል። አላመንኩም። የጉና ብርድ በመስኮቱ እየገባ እኔ ምርምር ጀመርኩ፤ አንዱን ዳገት በክሩዝ፣ ቀጣዩን በመሪጌታ። ክሩዙ ፍጥነቴን አላስነካም ብሎ ሞተሩን ያስጮኸዋል፣ ቁልቁለቱ ሲመጣም ያንኑ ፍጥነት ይጠብቃል። በመሪጌታ ሲሆን ግን ጫፉ ሳይደረስ እግሬን አነሳለሁ፣ መኪናዋ በቀስታ ትወጣለች፣ ከተሳለሙ በኋላ ቁልቁለቱ በነፃ ይወስደናል፣ ባትሪውም ይሞላል። ደብሮቹ የተተከሉት ልክ እግር መነሳት ያለበት ቦታ ላይ ነው! መሪጌታ ይህን አያውቁም፤ እኔም ደስታዬን የማካፍለው ሰው አጥቼ አፌን ይዤ ነፋስ መውጫ ገባሁ።

የልጅቱ አባት አቶ ዓለሙ በአክብሮት ተቀበሉን። እስክንናገር አንቀመጥም ብለን ቆመን ጉዳያችንን አቀረብን። መሪጌታ የቤንዚኑን ችግር እንዲህ አሳምረው ሲናገሩ እኔ ራሴ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። አቶ ዓለሙ ሚስታቸውን አዩ፣ ሚስታቸው መሬት አዩ። እሺ ሊሉ ነበር፤ እምላለሁ። ከተቀመጥን በኋላ ነው እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ «ለመሆኑ እናንተስ እንዴት ደረሳችሁ?» ብለው የጠየቁት።

አስተማሪን ጥያቄ አይጠይቁትም። ስለ ባትሪው፣ ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ ዳገቱ ጫፍ ነገርኳቸው። ሐጂ ይማም ሳሉ። መሪጌታ እግሬን ረገጡኝ፤ ቦታ ጠቧቸው ነው ብዬ እግሬን ሰብስቤ ቀጠልኩ። አቶ ዓለሙ ዓይናቸው በራ፣ ወጥተው መኪናዋን ዞሩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ እንደ እሳቸው ያለ ጎበዝ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም የሚያሰኙ ጥያቄዎች ጠየቁኝ። ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞረው፣

«እንዲህ ከሆነማ መመላለሱ አያስቸግራችሁም» አሉ። «እኔም ከዘመድ ልማከርና ጾሙ ሲገባ ብቅ በሉ።»

ስንመለስ መሪጌታ ደብሮቹን ሲሳለሙ ዝግ በል አላሉኝም፤ ጨርሶ አላናገሩኝም። ደረጄ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ከመኪናው ሳንወርድ በመስኮቱ አጎንብሶ፣ «ምን አሉ?» አለ።

እኔ መሪውን አየሁ። ሐጂ ይማም ከኋላ ሆነው መለሱለት።

«መኪናዋን ወደዋታል።»