የወይዘሮ ቤሪል እጩነትና በሩን የያዘው ወፍ

«ለእንስሳት ድምፅ» ፓርቲ የዋራቢን ቅርንጫፍ፣ ማክሰኞ ሴፕቴምበር 17፣ ከጠዋቱ 4፡40፣ በስካውት አዳራሽ ተሰብስቧል።

የተገኙ፦ አቶ ኔቪል ሃርኮት (ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ ቤሪል ቶንኪን፣ ወ/ት ታምሲን ኦሼይ፣ እኔ ክላይቭ ፔዶክ (ጸሐፊ)። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። በሩ አጠገብ ጎጆ የሠራው ማግፓይ የተባለ ወፍ ሦስታችንንም አናታችንን እየጠቀጠቀ አስገብቶናል። ወ/ሮ ቤሪል ቀድመው ገብተው ስለነበር እንዴት እንደገቡ ያየ የለም።

1. ለከተማው ምክር ቤት እጩ ስለመሰየም

ወ/ሮ ቤሪል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሌላ ሰው ስም ያለበት የምርጫ ወረቀት ማደላቸውን አስታውሰው፣ «ዘንድሮም ካለፈኝ ስሜን የማየው መቃብሬ ላይ ነው» አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተሰየሙ። ቅጹ እስከ 6 ሰዓት ከመንገዱ ማዶ ላለው ምርጫ ጽሕፈት ቤት በእጅ መድረስ አለበት።

2. ቅጹን ስለማድረስ

ሰብሳቢው ወፉን እንዲያስፈራ ዓይን የሳሉበትን ባዶ የአይስክሬም ባልዲ አናታቸው ላይ ደፍተው ወጡ፤ ጆሯቸው ደምቶ ተመለሱ። ወ/ት ታምሲን፣ «የሳልከው ዓይን እንቅልፋም ነው፤ እንኳን ወፍ ዝንብ አይፈራውም» አሉ።

ሰብሳቢው ወፉ በማዘጋጃ ቤት በኩል እንዲነሳ ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ት ታምሲን፣ «ወፍ አፈናቅለን ለወፍ መብት ልንወዳደር? ትንሽ አታፍርም?» በማለታቸው ሐሳቡ ወደቀ። በኋላው መስኮት እንውጣ ቢባልም ሸረሪት እንቁላሏን ታቅፋበት ስለተገኘች፣ መስኮቱ እንዳይከፈት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ወ/ሮ ቤሪል ይህን ሁሉ ጊዜ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር።

በ5፡35 ወ/ሮ ቤሪል፣ «ወዲያ በሉ!» ብለው ቅጹን ነጥቀው ባዶ አናታቸውን ወጡ። ወፉ ቁልቁል ተወረወረ። ጸሐፊው ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ ወፉ እግራቸው ሥር ቆሞ ይዘፍናል፤ እሳቸውም ከቦርሳቸው የተፈጨ ሥጋ አውጥተው ያጎርሱታል።

3. ድንገተኛ አጀንዳ

ሥጋ መግዛትም የዱር ወፍ መቀለብም በመተዳደሪያ ደንባችን ክልክል ነው። ወ/ሮ ቤሪል በ5፡46 የቅጹን መረከቢያ ደረሰኝ ይዘው ሲመለሱ ሰብሳቢው፣ «ቤሪል፣ አንቺም?» አሉ። «እናንተ ስለሱ ስትሰበሰቡ እሱ ምን ይብላ? ቃለ ጉባኤ?» ሲሉ መለሱ። ጸሐፊው በልቡ አጨበጨበ፤ ይህም ይመዝገብ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የዛሬው ውሳኔ ሁሉ፣ እጩነቱን ጨምሮ፣ እንዲሻር በሁለት ድምፅ ለአንድ ተወሰነ። ባለጉዳይዋ ድምፅ አልሰጡም። የስረዛው ደብዳቤም ከ6 ሰዓት በፊት በእጅ መድረስ ስላለበት፣ በዚያ በር በሰላም የሚያልፍ ሌላ አባል ባለመገኘቱ፣ ወ/ሮ ቤሪል እንዲያደርሱት በሙሉ ድምፅ ተመረጡ።

ወ/ሮ ቤሪል ኃላፊነቱን በደስታ ተቀብለው 5፡52 ላይ ወጡ። ስብሰባው 6፡05 ላይ ሲዘጋ ገና በረንዳው ላይ ወፉን እያጎረሱ ነበር።