የአንገቴ ጠባቂ

ጎረቤቴ የኔን ትራስ ተርትራ ግማሹን ጥጥ አውጥታለች፤ አሁን መልሳ እየሰፋችው ነው። "ከፍ ይላል፣ አንገትሽን ወደ ፊት ይገፋል" ብላ ነው። ማንም አልጠየቃትም። በየሰፈሩ ሳትሾም የተሾመች፣ የሰው ሕመም ሥራዋ የሆነ አንዲት ጎረቤት አትጠፋም። ለኔ የደረሰችኝ ክብርት የአንገት ሚኒስትር ናት።

ሹመቷ የመጣው እንዲህ ነው። ነርቬን የተጫነ አጥንት ከአንገቴ ጀርባ በቀዶ ሕክምና ወጣልኝ። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ፣ "እናቴ፣ የኋላው ድጋፍ ስለቀነሰ ጡንቻዎ ካልበረታ አንገትዎ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ሊጎብጥ ይችላል። ከጎበጠ ደግሞ ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊመጣ ነው" አለኝ። እኔ ፈራሁ፤ አጠገቤ የነበረችው እሷ ተሾመች።

ከዚያ ወዲያ "እንዴት አደርሽ" ቀረ። ገና ከበሩ "ቀና በይ" ነው። ባንክ ቤት ወረፋ ይዘን ቦርሳዬን ለመበርበር ሳቀረቅር "ቀና በይ" ብትል ሰልፉ በሙሉ ቀና አለ፤ ያንቀላፋው ዘበኛ ጭምር። ሹራብ ስሠራ ደግሞ ጭኔ ላይ ትራስ ትደራርብና፣ "ሥራው ወደ አንቺ ይምጣ እንጂ አንቺ ወደ ሥራው አትሂጂ" ትለኛለች።

ከሁሉ የወደደችው ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንገቴ ላይ የታሰረልኝን ድጋፍ ነበር። ከየቀሚሴ ጋር የሚሄድ ልባስ ሰፋችለትና ሐኪሙ ካዘዘው ጊዜ በላይ አስደረገችኝ። በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሙ ቅር አለው።

"ይህ እኮ መውለቅ ነበረበት። ጡንቻው ሥራ ሲፈታ ይሰንፋል።"

"ምን ላድርግ ዶክተር፣ ሰው አትሰማም" አለች፣ እኔን እያየች።

መንገድ ላይ ግን ክንዴን ያዘችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እህቴ፣ እኔው ላጎብጥሽ ነበር እንዴ?" አለችኝ።

"እንኳን አንቺ፣ እርጅናም አላጎበጠኝ" አልኳት። አልሳቀችም።

ከዚያ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየመጣች መዳፏን ከጭንቅላቴ ኋላ ታደርጋለች፤ ሐኪሙ እንዳሳየን በጭንቅላቴ እገፋታለሁ። "ቀስ፣ ምጥ አይደለም" ትለኛለች። ሰሞኑን የተነሣሁት ራጅ አንገቴ ቀጥ እንዳለ መሆኑን አሳየ። እሷም ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ፣ ምንም ሳይገባት፣ ደጋግማ አየችው።

ዛሬ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ያስገባሁላት እኔ ነኝ፤ እሷ ቅርቡ አይታያትም። የተጠገነ መነጽሯን ከመነጽር ሱቅ ልታመጣ እየሄደች ነበር። ከመንገዱ ማዶ፣ በመስኮቴ በኩል፣ ትራሱን ተደግፌ ማቀርቀሬ ግን ታያት። ገባች።

መነጽሩ አሁንም ሱቁ ውስጥ ነው።