ጋሽ ሰረቀብርሃንና የባንግላዴሽ ጁላይ

ሦስት ሐበሻ ሹፌር መኪና ባቆመበት ሁሉ አንዱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነው። ማን እንደሾመው አይጠየቅም። አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ኤርፖርት፣ በስልክ የሚላክልንን ተሳፋሪ፣ ትሪፑን፣ በምንጠብቅበት ግቢ ውስጥ፣ ሥልጣኑ የክቡር ጋሽ ሰረቀብርሃን ነው፤ የሄይዋርድ ከተማው ነዋሪ። ኮፈናቸውን ተደግፈው መግለጫ ይሰጣሉ። መግለጫው ሁሌም በአንድ ቃል ይዘጋል፦ «ጻፍ።»

ቃሉ ለእኔ ነው። አዲስ አበባ ጋዜጠኛ ነበርኩ፤ አሁን ኦክላንድ ተቀምጬ ልብ ወለድ እጽፋለሁ፣ ማለትም እነዳለሁ። ከሙያዬ የቀረኝ ሰው ማረም ብቻ ነው። ጋሼ ስለ ዩክሬን ሲተነትኑ የሁለት ከተማ ስም አርሜላቸዋለሁ። ያመሰገነኝ የለም።

በ2024 ተራው የባንግላዴሽ ሆነ። ምክንያቱ ሚዛኑር ነው፤ ከእኛ ጋር ወረፋ የሚይዝ፣ ከዳካ የመጣ ዝምተኛ ሹፌር። ሴት ልጁ እዚያው ዳካ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። እሱም «ጋሼ» ማለት ለምዷል። ጋሼ የገዛ አገሩን ያስረዱታል፦ ጃንዋሪ ላይ ምርጫ ተደርጎ ዋናው ተቃዋሚ እንዳልገባበት፣ ፍርድ ቤት ከመንግሥት ሥራ ሠላሳ በመቶው ለነፃነት ታጋዮች ልጆችና የልጅ ልጆች ይሁን እንዳለ፣ ጁላይ ላይ ተማሪው አደባባይ እንደወጣ። ሚዛኑር ሁሉንም ጠዋት ከልጁ ሰምቶ መጥቷል። ቢሆንም «አዎ ጋሼ» እያለ ያዳምጣል።

ከዚያ ተኩስ መጣ። ኢንተርኔት ተዘጋ። የልጅቷም ድምፅ ጠፋ።

ሚዛኑር ትሪፕ መቀበል ተወ። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያየዋል።

«ጋሼ፣ መቼ የሚከፈት ይመስልዎታል?»

«ነገ» አሉ፣ ሳያቅማሙ። «ባንክ ያለ ኢንተርኔት እንዴት ይሠራል? ነገ ይከፍቱታል። ጻፍ።»

በማግስቱ አልተከፈተም። ጋሼ አሁንም «ነገ» አሉ፤ የዛሬው ምክንያት የልብስ ፋብሪካዎቹ ናቸው። ቀጥሎ ከውጭ ገንዘብ ላኪዎቹ ሆኑ። ምክንያት አላለቀባቸውም።

እኔም ሥራዬን ሠራሁ። ሚዛኑርን መኪናዬ ውስጥ አስቀምጬ፣ ሁለት ምንጭ ጠቅሼ፣ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ነገርኩት። ትክክል ነበርኩ። አመስግኖኝ ወረደና የጋሼ መኪና ውስጥ ገባ። በማግስቱ በእኔ በኩል አላለፈም።

አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ ናት። ሚዛኑር እያወራ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ምን ብዬ ነበር?» አሉ ጋሼ።

ስንት ጊዜ እንደተሳሳቱ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አፌን ያዝኩ፤ ለእኔ ቀላል አይደለም።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ መልእክት ላከች። «ዛሬ ጁላይ 32 ነው። መንግሥት ሳይወርድ ጁላይን አንዘጋም» ይላል።

«ጁላይ ሠላሳ አንድ ቀን ነው ያለው» አልኩ።

ጋሼ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ፣ ጳጉሜ ካለበት አገር አይደለም የመጣኸው?»

በእነሱ ጁላይ 36፣ በእኔ ትክክለኛ አቆጣጠር ኦገስት 5፣ ጠቅላይ ሚኒስትሯ በሄሊኮፕተር አገር ለቀው ወጡ። ሚዛኑር አንድ ሳጥን ጣፋጭ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ለጋሼ ሰጠ። ራሱ አልቀመሰም፤ የልጁ የክፍል ጓደኛ በተኩሱ ከሞቱት አንዷ ነበረች።

ሲሄድ ጠብቄ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ያኔ ነገ ነገ ሲሉ በምን አውቀው ነው?»

ዙሪያቸውን ቃኙ። «ምን አውቄ? አባት ስለ ልጁ ጠይቆኝ አላውቅም ልበለው?»

በራቸውን ከፍተው ገቡና መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ይቺን አትጻፍ።»

እስከ ዛሬ ጻፍ ካሉኝ አንዱንም አልጻፍኩም። አትጻፍ ያሉኝን ይኸው ጻፍኩ። ደጋግሜ አነበብኩት፤ የማርመው አላገኘሁም።