ቤት ለቤት ሲኒማ

ሱስ የያዘው ሰው ብቻውን መያዙ ለምን አይበቃውም? ጎረቤቴ ሸምሱ ከምናለሽ ተራ አሮጌ የፊልም ጥቅል ይለቅማል። "እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሲኒማ ሊኖረው ይገባል" እያለም ይሰብከናል።

ለጥበብ ብሎ እንዳይመስላችሁ። ሚስቱ ዘይነባ እግሯን የምትዘረጋበት አጥታ፣ "ወይ ጥቅሎቹ ይውጡ፣ ወይ እኔ እወጣለሁ" ብላዋለች። ስለዚህ ሱሱን ለሌላ ሰው አጋብቶ ግማሹን ጥቅል የሚከትበት ቤት ይፈልጋል። ያ ቤት ደግሞ የኔ ነው።

እሑድ ጠራኝና አንሶላ ወጥሮ አሮጌ የፊልም ማሳያ ማሽኑን አስነሳ። ድምፅ የለውም። አንዲት ሙሽራ ወንዝ ዳር ታለቅሳለች፤ አንድ ሰው በፈረስ እየጋለበ ይመጣል።

"ወንድሟ ነው" አለ ሸምሱ።

"የምን ወንድም፣ ውሽማዋ ነው እንጂ። ዓይኗን አታይም?" አለች ዘይነባ በር ላይ ቆማ።

ፈረሰኛው ሊደርስ ሲል ፊልሙ ተቋረጠ።

"ቀሪውስ?" አለች ዘይነባ።

"ጥቅሉን የሸጠልኝ ነጋዴ ቀሪውን ቆርጦ የበርበሬ ጆንያ አስሮበት ሸጦታል" አለ ሸምሱ።

ዘይነባ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። "ተነስ ሸምሱ፣ በርበሬ በረንዳ ሳይዘጋ እንድረስ።"

እኔም ቤቴ ተረፈ ብዬ ደስ አለኝ። ይኸው አሁን ሁለቱም ይለቅማሉ። ትናንት ዘይነባ በሬን አንኳኩታ፣ "ወንድሜ፣ ያንተ አልጋ ሥር ባዶ ነው አይደል?" አለችኝ።