አጎቴን ከሽምብራ ማኅበር ያስወጣሁበት ሌክቸር

እስቲ ተቀምጣችሁ አንብቡልኝ፤ እኔ ዛሬ ቆሜ ነው የዋልኩት።

ዛሬ አንድ ሰው ከዓለም ንግድ አስወጣሁ።

አጎቴን!

ለማታውቁኝ፣ የቢቸና ልጅ ነኝ፤ የኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ። የተማርኩት አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው። ለእረፍት ስመጣ ግን ሰፈሩ ሚኒስትር ሆኜ የተመለስኩ ይመስል ነው የተቀበለኝ። እኔም «ኧረ ገና ነኝ» አላልኩም። ማን ይላል?

ያሳደጉኝ አጎቴ፣ ጋሼ ቢያድግ፣ ሽምብራ ነጋዴ ናቸው። ሽምብራቸው አዲስ አበባ ላኪዎች ዘንድ ይደርሳል፤ ከዚያ ጅቡቲ ወርዶ መርከብ ይሳፈራል። ጋሼ ራሳቸው ባሕር አይተው አያውቁም። ሽምብራቸው ግን ባሕር ይሻገራል፤ ሬዲዮ ስለ ኤክስፖርት ባወራ ቁጥር «የኛን ነው የሚያወራው» ይላሉ።

ብቻቸውን ግን አይሸጡም። የቢቸና ሽምብራ ነጋዴዎች የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አላቸው። በየወሩ በተራ ይደግሳሉ፤ ንግዱም በዚያው ማኅበር ነው። ሽምብራው ሲደርስ አንዱ የሌላውን ያበጥራል። የራስን ማበጠር ክልክል ነው! ከዚያ የጆንያው አፍ በቀይ ሲባጎ ይሰፋል። ቀይ ሲባጎ ያየ ገዢ ጆንያ አይፈታም፤ ዝም ብሎ ያስጭናል።

አንድ ችግር ብቻ አለ። የሁሉም ተበጥሮ ካላለቀ መኪና አይነሳም። ጋሼ ድርሻቸውን ሁልጊዜ ቀድመው ይጨርሳሉ። ከዚያ ይጠብቃሉ። እየጠበቁም ይናደዳሉ።

ይህንን አውቅ ነበር። ማገናኘት ነው ያቃተኝ።

ባለፈው ሳምንት ሬዲዮ ስለ እንግሊዝ ሲያወራ ጋሼ ድምፁን ቀንሰው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ እንግሊዝ ከአውሮፓ የጋራ ገበያ ልትወጣ ነው የሚሉት ምንድን ነው? ብትወጣ የባሕር ማዶ ንግዷ እንዴት ይሆናል?»

ሰዎች! ይህንን ጥያቄ ተምረነዋል! አሳይመንት ሠርቼበታለሁ! በሕይወቴ የማውቀውን ጥያቄ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ናቸው!

ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«በአንድ በኩል፣» አልኩ፣ «አገሪቱ ከፈለገችው አገር ጋር፣ በፈለገችው ጊዜ ትዋዋላለች። የሌሎችን ፈቃድ አትለምንም። ዘገምተኛውንም ቆማ አትጠብቅም።»

የጋሼ ፊት በራ።

«የመጨረሻዋን ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው።

«ያስተማረሽ ይባረክ!» ብለው ጭኔን መታ አደረጉኝ።

አሁን ልብ በሉ። ምላሴ ጫፍ ላይ «በሌላ በኩል» የምትል ነገር ነበረች። ከኋላዋ ብዙ ነገር ተሰልፎ ነበር፤ ቀረጥ አለ፣ ለብቻ መደራደር አለ፣ የዕቃህን ጥራት ለማያውቅህ ገዢ እንደ አዲስ ማስረዳት አለ።

ዋጥኳት።

ጋሼ ደስ ብሏቸው ነበራ! ደስ ያለው ሰው ላይ «በሌላ በኩል» ይባላል?

ስለ እንግሊዝ እየጠየቁ እንዳልነበረ ደግሞ በምን ልወቅ?

ዛሬ ጠዋት «ተነሽ፣ ሞጣ እንሄዳለን» አሉኝ። ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ። ሞጣ ዘመድ ጥየቃ መስሎኝ ነው። በር ላይ አይሱዙ ቆሟል፤ ሽምብራ ተጭኖበታል፤ ግማሹ ባዶ ነው።

ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ነው ነገሩን ያፈነዱት።

«ከማኅበሩ ወጥቻለሁ። ገበያ መሐል ነገርኳቸው። የተማረ ሰው አማክሬ ነው አልኳቸው።»

«ማንን አማክረው?»

ሹፌሩ እንኳ ዞሮ አየኝ።

ሞጣ መጋዘን ደረስን። ለላኪው የሚገዛው ሙሉቀን የሚባል ወጣት ነው። መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየና ጠየቀ።

«አባባ፣ ቀዩ ሲባጎ የታል?»

«ከማኅበሩ ወጥተናል» አሉ ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው። «አሁን ነፃ ነን። ይቺ አማካሪዬ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ነው ያመጣኋት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልቃወምም ነበር።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ ሙሉቀን። «በሉ ጆንያዎቹ ይዘርገፉ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አንተ፣ ስንት ጊዜ የኔን ሽምብራ ስትጭን አታውቀኝም?»

«የማውቀው ሲባጎውን ነው አባባ። እርስዎን ዛሬ ማየቴ ነው።»

ተዘረገፈ። ሰው አነሰ ተባለ። አማካሪዋ ሰፌድ ተሰጣት።

በነጭ ቀሚስ!

ከጎኔ የሚያበጥሩት ሁለት የመጋዘኑ ሴቶች ድምፃቸውን እንኳ አልቀነሱም።

«አማካሪ ማለት ምን የምትሠራ ናት?»

«እንደማየው የምታበጥር ናት።»

«አይ፣ አታበጥርም። እየደፋችው እኮ ነው!»

ሲያልቅ ጋሼ ማኅበሩ የሚሸጥበትን ዋጋ ጠሩ። ሙሉቀን ሳቀ። መጥፎ ሳቅ አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰው።

«ያ እኮ የማኅበሩ ዋጋ ነው። እነሱ ሲመጡ መጋዘኔ በአንዴ ይሞላል። የእርስዎ ጥጉን አይሸፍንም። ከዚህ ደግሞ ለማበጠር የዋሉትን ሴቶች ክፍያ ቀንሱልኝ።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

«ተናገሪ እንጂ!»

እኔም ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ?

«በሌላ በኩል...»

ወጣች! ሳምንት ሙሉ ተውጣ ቆይታ፣ ሞጣ ላይ፣ ገዢው ፊት ወጣች! አንዴ ከጀመርኩ ደግሞ ማቆም አቃተኝ። ብቻውን የወጣ አገር የመደራደር አቅሙ እንደሚቀንስ፣ ዕቃው ጥሩ ቢሆንም እንደ አዲስ እንደሚፈተሽ፣ ለመላክ የሚያወጣው እንደሚጨምር፣ ቀድሞ አብረውት የነበሩት ቀረጥ ሊጥሉበት እንደሚችሉ፣ አዲስ ውል እስኪገኝ ዓመታት ሊወስድ እንደሚችል፣ አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩት። የሴሚስተሩ ፈተና ላይ እንደዚህ ጽፌ ቢሆን ኖሮ!

ሙሉቀን ራሱን ነቀነቀ። «በጣም ጥሩ አድርጋ ገለጸችው። እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።»

ጋሼ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አዩኝ።

«ይህንን ቢቸናም እያለን ታውቂው ነበር?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«ደስ ብሎዎት ነበር።»

ወደ ሙሉቀን ዞረው «በቅናሽ አልሸጥም» አሉ። ሽምብራው ተመልሶ ተጫነ። ወደ ቢቸና መመለስ ጀመርን። እኔም አውቅ ነበር፤ የዘንድሮው ጎተራቸው ያ መኪና ላይ ነው፤ የወጣትነት ጓደኞቻቸው ደግሞ ያኔ ገበያ መሐል ቀርተዋል። ሁለቱንም ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ግን ጉድጓድ ባለበት ሁሉ እንዳልመታ በክንዳቸው ይደግፉኝ ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አለቀ ብላችኋል?

ቤት ስንደርስ ማኅበርተኞቹ በሙሉ ግቢያችን ተደርድረው ተቀምጠዋል።

ነገ ሚካኤል ነው። ባለፈው ወር የደገሰው ሰው ጽዋውን ያስረከበው ለጋሼ ነው። ጽዋ የተረከበ ሰው ደግሞ በቀጣዩ ወር ይደግሳል። ጋሼ ከማኅበሩ ሲወጡ የማኅበሩ ጽዋ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቁምሳጥናቸው ውስጥ ነበር!

ይባስ ብሎ መውጣታቸውን ለባለቤታቸው አልነገሩም። እትዬ ጥሩዬ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠምቁ ነው የከረሙት። ወገባቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

«ወጥተሃል አሉ? ታዲያ ይህን ሁሉ ጠላ ማን ይጠጣልህ፣ እንግሊዝ ትምጣ?»

ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ያገላብጡት ጀመር። ዐይናቸው መሬት ላይ ነው። ማኅበርተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት። አንድ ሰው «ጽዋውን አምጣና እንሂድ» ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ጋሽ ልየው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ቢያድግ፣ ጽዋው የት ነው ያለው?»

«እኔ ቤት።»

«ጽዋ የያዘ ሰው እንዴት አድርጎ ይወጣል? ይደግሳል፣ ለተረኛው ያስረክባል፣ ከዚያ ከፈለገ ይወጣል። እስከዚያ የት አለህ?»

ጋሼ ቀና አሉ።

«እንደሱ ከሆነማ... ገና አልወጣሁም ማለት ነው።»

«ወዴት ትወጣለህ! ገበያ ላይ ጮኸህ ነው እንጂ።»

እትዬ ጥሩዬ «ተመስገን» ብለው ወደ ጋኖቻቸው ገቡ። እኔም በዚያው ሹልክ ልል ስል ጋሽ ልየው አዩኝ።

«ነይ አንቺ የተማርሽው። አንድ ነገር ንገሪኝ። እንግሊዝስ ጽዋው ቤቷ አለ?»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ጋሼ ራሳቸው ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ!

እኔ የኮርሱን ሃንዳውት በሐሳቤ አገላበጥኩ። ሃንዳውቱ ላይ የለም።

ከዚያ ፍርድ ተሰጠ። «የሞጣ ብጥር አናውቅም» ተብሎ የጋሼ ሽምብራ እንደገና ተዘረገፈ። ማኅበርተኞቹ ያበጥራሉ፤ የጆንያውን አፍ በቀይ ሲባጎ የምትሰፋው አማካሪዋ ናት። መኪናው የሚነሳው የሁሉም ሲያልቅ ነው። አሁን ሁሉም የሚጠብቀው ዘገምተኛ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ?

ጣቶቼ በመርፌ ተወግተው አልቀዋል። ይህንን የምጽፈው በአንድ አውራ ጣት ነው፤ የፊደል ግድፈት ካያችሁ እለፉኝ።

ቅድም ጋሼ አጠገቤ መጥተው ጆንያ ያዙልኝ። ጠጋ ብለውም በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

«በሚቀጥለው ሴሚስተር ምን ትማራላችሁ?»

«ስለ ባንክ ነው ጋሼ።»

ሲባጎውን ሳብ አድርገው አጠበቁልኝ።

«ስጠይቅሽ ከበሌላ በኩሉ ጀምሪልኝ።»

እሺ ብያለሁ። ሰው ፊቱ ቢበራም ባይበራም እጀምራለሁ።

እስከዚያው ከመካከላችሁ እንግሊዝ አገር ዘመድ ያለው ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ። ጽዋው ማን ቤት እንዳለ ይጠየቅልኝ፤ ነገ ጋሽ ልየው መልሱን ይፈልጋሉ።